የ23 ደቂቃ ዕርቅ፦ ፒንክ ፍሎይድ በሃይድ ፓርክ

በሎንዶኑ ሃይድ ፓርክ ከቀትር ጀምሮ በእግሩ ቆሞ የዋለው ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ መጀመሪያ የሰማው የጊታር ድምፅ አልነበረም። የልብ ትርታ ነው። ድም ድም፣ ድም ድም እያለ ከድምፅ ማጉያዎቹ ወጣና ሜዳውን ሞላው። በ1973 የወጣ አንድ አልበም የሚጀምረው በዚሁ ትርታ ስለሆነ፣ አልበሙን የሚያውቅ ሁሉ ማን እንደመጣ ወዲያው ዐወቀ። መብራቱ ሲበራ አራት ሰዎች፣ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ አባላት፣ በየቦታቸው ነበሩ፤ ሦስቱ የ61፣ አንዱ የ59 ዓመት ሰው። ሮጀር ወተርስ በቤዝ ጊታር፣ ዴቪድ ጊልሞር በጊታር፣ ኒክ ሜሰን በድራም፣ ሪቻርድ ራይት በኪቦርድ። አራቱ አንድ መድረክ ላይ ሲገናኙ ከ24 ዓመት ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ዕለቱ ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ ጁላይ 2 ቀን 2005። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ካልገለጽኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ሰሞን የእኛ አገር ሰው ልብ በምርጫ 97 ማግስት ጭንቀት ተይዞ ስለነበር፣ ሃይድ ፓርክ ውስጥ ስለሆነው ነገር ብዙ የተወራ አይመስለኝም። ሆኖም መድረኩ የተተከለበት ምክንያት ከእኛው ምድር ይመዘዛል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የተበተነ የሮክ ባንድ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሲሰበሰብ አድናቂው ለምን እንዲህ ይንሰፈሰፋል? ዘፈኖቹ እንደሆኑ ከቤቱ አልጠፉም። በሸክላ፣ በካሴት፣ በሲዲ አሉት፤ ያውም ወጣቶች ሳሉ ባላቸው ድምፅ። ብዙ ሰው መልሱ የወጣትነት ናፍቆት ነው ይላል፤ ልክ ነው፣ ግን ግማሽ መልስ ነው። እኔ ይህን ጉዳይ ደጋግሜ ካየሁ በኋላ የደረስኩበት ሌላ ነው። ሰው ወደ እንዲህ ያለ ኮንሰርት የሚሄደው ዕርቅ ለማየት ነው።

እንዴት ተለያዩ

ፒንክ ፍሎይድ በ1965 ሎንዶን ውስጥ ሲመሠረት የባንዱ ነፍስ ሲድ ባሬት የሚባል የካምብሪጅ ልጅ ነበር። ዘፈኖቹን የሚጽፈው እሱ፣ የሚዘፍነውም እሱ ነው። የመጀመሪያው አልበም በ1967 ወጥቶ ስማቸው መነሣት ሲጀምር ግን አእምሮው እየታወከ ሄደ፤ የሚወስደው ኤልኤስዲ የተባለ ቅዠት አምጪ ዕፅም አባባሰው። መድረክ ላይ ቆሞ አንዲት ኖታ ብቻ የሚመታባቸው፣ ጭራሽ የማይጫወትባቸውም ምሽቶች መጡ። በልጅነት ጓደኛው በዴቪድ ጊልሞር አስደገፉት። በ1968 መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሊጓዙ መኪና ውስጥ ሳሉ አንዱ «ሲድን እንውሰደው?» ብሎ ጠየቀ። ሳይወስዱት ሄዱ። ባንዱ ከዚያ በኋላ የሠራው ብዙ ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ የዚያች ቀን ዕዳ ነው።

በ1973 የወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ከ45 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ ከወጣበት ዓመት እስከ 1988 ድረስ በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበሞች ሠንጠረዥ ላይ በድምሩ 741 ሳምንት ቆይቷል። ሁለት ዓመት ቆይተው በኤቢ ሮድ ስቱዲዮ ስለ ሲድ የጻፉትን ዘፈን በማጠናቀቅ ላይ ሳሉ፣ አንድ ወፍራም፣ ጸጉሩንም ቅንድቡንም የተላጨ ሰው ገብቶ ቆመ። ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደባቸው። ሲድ ነበር። ወተርስ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የመቃቃር ታሪክ ነው። የግጥሙ ሥራ በወተርስ እጅ ተጠቃለለ፤ ሥልጣኑም እንደዚሁ። «ዘ ዎል» የተባለው አልበም በ1979 ሲቀረጽ ራይት ከባንዱ እንዲወጣ ተገደደ፤ አልበሙን ተከትለው በተደረጉት ኮንሰርቶች ላይ የተጫወተው በደመወዝ ተቀጥሮ ነበር። ኮንሰርቶቹ በመድረኩ ፊት ግዙፍ ግንብ የሚገነባባቸው፣ ወጪያቸውም የከበደ ስለነበሩ የቀሩት ሦስቱ ሲከስሩ፣ ደመወዝተኛው ራይት ብቻ አተረፈ። የመጨረሻው ጁን 17 ቀን 1981 በሎንዶን ተካሄደ። አራቱ እንደ ባንድ አብረው የቆሙበት የመጨረሻ ቀን ያ ሆነ።

ወተርስ በ1985 መጨረሻ ለቀቀ። ባንዱ አበቃለት አለ። ጊልሞርና ሜሰን አላበቃም፣ ስሙንም ይዘን እንቀጥላለን አሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በዲሴምበር 1987 የቴምዝ ወንዝ ላይ በቆመችው የጊልሞር የጀልባ ስቱዲዮ ውስጥ ተፈራርመው ተለያዩ። ጊልሞርና ሜሰን ስሙን አገኙ፤ ራይትም ወደ እነሱ ተመለሰ። ወተርስ የ«ዘ ዎል»ን መብት ያዘ። ንብረት ተካፍሎ የተፋታ ቤተሰብ ማለት ነው። ሁለቱ ዋነኞች ለዓመታት ቃል ሳይለዋወጡ ኖሩ።

ሽማግሌው

ዕርቁ የተጀመረው ከሙዚቃ ፍቅር አይደለም። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ በሜይ 2005 መጨረሻ «ላይቭ ኤይት» የተባሉትን ኮንሰርቶች ማዘጋጀቱን ይፋ ካደረገ በኋላ ነው። የስምንቱ ባለጸጋ አገሮች መሪዎች በጁላይ የመጀመሪያ ሳምንት በስኮትላንዷ ግሌንኢግልስ ሊሰበሰቡ ነበር። የአፍሪካን ዕዳ እንዲሰርዙና ዕርዳታ እንዲጨምሩ ለመወትወት በአንድ ቀን በሎንዶን፣ በፊላዴልፊያ፣ በፓሪስ፣ በበርሊን፣ በሮም፣ በቶኪዮ፣ በሞስኮ፣ በጆሃንስበርግ ሕዝብ ይሰበሰባል። ጌልዶፍ ራሱ ከፒንክ ፍሎይድ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው፤ በ1982 በወጣው የ«ዘ ዎል» ፊልም ላይ ዋናው ተዋናይ እሱ ነው።

ጌልዶፍ መጀመሪያ የሄደው ወደ ጊልሞር ነበር። ጊልሞር እንቢ አለ። ጌልዶፍ ግን ሽማግሌ እንደሚያደርገው በመጀመሪያው እንቢታ አልተመለሰም፤ ፊት ለፊት ሊያነጋግረው በባቡር ተነሣ። ጌልዶፍ መንገድ ላይ ሳለ ጊልሞር ደውሎ አትምጣ ቢለውም ተገናኙ፤ መልሱ ግን አልተለወጠም። ከዚያ ነገሩን ሜሰን ለወተርስ በኢሜይል ነገረው። ወተርስም በገዛ እጁ ወደ ጊልሞር ደወለ። ጊልሞር አንድ ቀን ልሰብበት ብሎ፣ በማግስቱ እሺ አለ።

የእኛ አገር ሽምግልና የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የበዳይ ወገን ቀድሞ መሄዱ፣ የተበደለው አንድ ቀን መጠየቁ፣ በመካከል ሁለቱንም የማያስከፋ ለስላሳ ሰው መኖሩ። ሜሰን በባንዱ ታሪክ ሁሉ ያ ለስላሳ ሰው ነው፤ ከተመሠረተ ጀምሮ በሁሉም አልበሞች ላይ ያለ ብቸኛ አባልም እሱ ነው። ጊልሞር ዜናው ይፋ ሲሆን ባወጣው መግለጫ፣ ከዚህ ጉዳይ አንጻር ሲታይ በእኛ መካከል የነበረው ንትርክ በጣም ትንሽ ነገር ነው የሚል ሐሳብ ገለጸ። ሰው ያጣላውን ሳይረሳ የሚታረቅበት መንገድ ይህ ነው፤ ከሁለቱም የሚበልጥ ነገር መካከላቸው ማስቀመጥ።

ሦስት ቀን በምዕራብ ሎንዶን ባለ ስቱዲዮ ተለማመዱ። እዚያም የድሮው ነገር ብቅ ማለቱ አልቀረም። ወተርስ ስለ ትምህርት ቤት የሚያወራውንና ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን የ«ዘ ዎል» ዘፈን መጫወት ፈለገ። ጊልሞር ለአፍሪካ በቆመ መድረክ ላይ «ትምህርት አያስፈልገንም» የሚል መዝሙር አይሆንም አለ። ጊልሞር ልክ ነበር፤ ወተርስም ተቀበለው። በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገር፣ ለአንድ ምሽት እሺ ማለት አልከበደኝም፣ ለአንድ ሙሉ የኮንሰርት ጉዞ ግን አልችልም ነበር ብሏል። የዚህን ጉዳይ ምስጢር የያዘው ይህ ንግግር ይመስለኛል።

መድረኩ ላይ

ሃይድ ፓርክ ለእነሱ እንግዳ ቦታ አልነበረም። ጁን 29 ቀን 1968፣ ፓርኩ ውስጥ ነጻ የሮክ ኮንሰርት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋጅ ከተጫወቱት አንዱ ፒንክ ፍሎይድ ነው፤ ሲድ ከወጣ ገና ጥቂት ወራት ቢሆነው። ከ37 ዓመት በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ ናቸው።

ከልብ ትርታው ቀጥሎ «ብሪዝ» መጣ። ጊልሞር እየዘፈነ ሳለ ካሜራው ወተርስን ያሳያል፤ ማይክሮፎን ሳይኖረው ግጥሙን በከንፈሩ አብሮ እያለው ነው። እሱ የጻፈው ግጥም ነው፤ ለ24 ዓመት ግን በዚህ ሰው ድምፅ፣ በዚህ ቅርበት አልሰማውም። ቀጥሎ «መኒ»። ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው የያዘው ጽሑፍ በምስሉ ላይ ይታያል፤ ፒንክ ፍሎይድ ተገናኘ፣ አሳማዎችም በረሩ የሚል ነው። እንግሊዞች ፈጽሞ አይሆንም ለማለት «አሳማ ሲበር» ይላሉ፤ የባንዱ ታዋቂ ምልክት ደግሞ በአየር የተነፋ ትልቅ አሳማ ነው። ከዚህ የተሻለ ግምገማ የጻፈ ጋዜጠኛ አላየሁም።

ከዚያ ወተርስ አኩስቲክ ጊታር ይዞ ወደ ማይክሮፎኑ ቀረበ። ከእነዚህ ሦስት ሰዎች ጋር ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ እዚህ መቆም ልብ ይነካል አለ። ቀጥሎም፣ ይህን የምናደርገው እዚህ ለሌሉት ሁሉ ነው፣ በተለይም ለሲድ አለ። የመጣው ዘፈን በ1975 የተሠራው «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» ነበር፤ «ምነው እዚህ በነበርክ» እንደ ማለት። ጊልሞርና ወተርስ እየተቀባበሉ ዘፈኑት። ሲድ በዚያ ሰዓት ካምብሪጅ ውስጥ ሥዕል እየሳለ፣ አትክልቱን እየተንከባከበ ከሰው ርቆ ይኖር ነበር።

የመጨረሻው «ኮምፈርተብሊ ነምብ» ነው። ይህ ዘፈን ሁለት ድምፅ አለው፤ የሐኪሙን ወተርስ፣ የታማሚውን ጊልሞር ይዘፍናሉ። አንዱ ሌላውን «እዚያ ውስጥ ሰው አለ?» እያለ ይጠይቃል። ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ይህን ሲዘፍኑ መስማት ከዘፈኑ በላይ ይሆናል። በመጨረሻ ጊልሞር ጊታሩን ብቻውን ይዞ ወጣ፤ የዕድሜው ድካም አንዲት ኖታ ላይ አይሰማም። ሁሉም ተደምሮ 23 ደቂቃ ያህል ነው።

ትዝታ ምን ይፈልጋል

የሥነ ልቦና አጥኚዎች ሰው በዕድሜው ሁሉ ከሚያስታውሰው ነገር ብዙው ከአሥራዎቹ አጋማሽ እስከ ሃያዎቹ ባለው ጊዜ የሆነ ነው ይላሉ። በዚያ ዕድሜ የሰማነው ሙዚቃ ከእኛ ጋር ያረጃል። ስለዚህ የ1973 ወጣት በ2005 ሃይድ ፓርክ ቆሞ ቢያለቅስ አይገርምም። ግን ሜዳው ላይ ባንዱ ሲበተን ገና ያልተወለዱ ልጆችም ነበሩ፤ እነሱም አልቅሰዋል። የገዛ ወጣትነታቸው ናፍቋቸው ሊሆን አይችልም።

በአማርኛ ትዝታ ስንል ስሜቱንም ቅኝቱንም ነው። በትዝታ የሚዘፍን ሰው የሚያነጋግረው አጠገቡ ያለውን አይደለም፤ የሄደውን፣ የቀረውን፣ የተኳረፈውን ነው። የሌለ ሰው ከሌለ ትዝታ የለም። የሃይድ ፓርኩ ምሽት ያንን ነበረው፤ ሲድ የለም። ሌላም ነበረው፤ ለ24 ዓመት ያልነበሩ ሰዎች ድንገት አሉ። ከእናቱ ልጅ ጋር በውርስ የተጣላ፣ ከአብሮ አደጉ ጋር ቃል የተቋረጠ፣ ስልክ ለመደወል እያሰበ ዓመት ያለፈበት ሰው ይህን ሲያይ የሚያየው ባንዱን ብቻ አይደለም። ባንዱን የማያውቅ ልጅ እንኳ ኩርፊያን ያውቃል።

ለዚህ ነው ያለ ዕርቅ ወይም ያለ ዝግጅት የሚደረግ መገናኘት የሚከሽፈው። ሌላው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ፣ ሌድ ዘፕሊን፣ ድራም መቺያቸው በ1980 ከሞተ በኋላ በ1985 ፊላዴልፊያ ላይ ተሰበሰቡ፤ የሮበርት ፕላንት ድምፅ ሻክሮ፣ የጂሚ ፔጅ ጊታር ከቅኝት ወጥቶ፣ ድራም የሚመታላቸው ፊል ኮሊንስ በዚያው ቀን ከሎንዶን ኮንኮርድ በተባለው ፈጣን አውሮፕላን በርሮ መጥቶ። በጣም ስላፈሩበት በኋላ በዲቪዲ እንዲወጣ አልፈቀዱም። በዲሴምበር 2007 በሟቹ ልጅ ድራም መቺነት፣ ሳምንታት ተለማምደው በሎንዶን ሲገናኙ ግን ወደ ሃያ ሚሊዮን የትኬት ጥያቄ ቀረበ፤ የተጫወቱትም ያንን ሁሉ ጉጉት የሚመጥን ነበር።

በእኛ ስም

የሌድ ዘፕሊን የ1985 መድረክ «ላይቭ ኤይድ» ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. የ77ቱ ረሃብ። ኮረም ላይ የተነሣው የቢቢሲ ፊልም፣ እሱን አይቶ የተነሣው ጌልዶፍ፣ በዌምብሌይና በፊላዴልፊያ የተሰበሰበው ሕዝብ። በዚያ ቀን ዌምብሌይ መድረክ ላይ ለሌላ ድምፃዊ ጊታር ሲጫወቱ ከነበሩት አንዱ ዴቪድ ጊልሞር ነው፤ የወተርስና የእሱ ባንድ ሊፈርስ ወራት ሲቀሩት።

የ2005ቱ ምሽት እንግዲህ በራሱ የላይቭ ኤይድ ትዝታ ነበር። በ77 ልትሞት ነው ተብላ በካናዳ ቴሌቪዥን የታየችው ብርሃን ወልዱ ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ ወጣች፤ ያደገች፣ የተማረች፣ ያማረች ሴት ሆና። ጌልዶፍ አስተዋወቃት፤ ማዶና እጇን ይዛ ዘፈነች። ያንን ሳይ ሁለት ነገር ይታገለኛል። በሕይወት መኖሯ ያስደስተኛል፤ ይህ ከየትኛውም ባንድ መገናኘት ይበልጣል። ደግሞም ይቆጠቁጠኛል። የእኛ የከፋ ዓመት ለሌላው የወጣትነት ትዝታ ሆኗል። ለእኛ 77 ዜማ የለውም፤ ያልተመለሱ ሰዎች እንጂ። የሃይድ ፓርኩ መድረክም አፍሪካ አፍሪካ እያለ ከአፍሪካውያን ሙዚቀኞች ያቀረበው እጅግ ጥቂት ነበር፤ የሴኔጋሉ ዩሱ ንዱር ይጠቀሳል፤ ብዙዎቹ ከሎንዶን ርቆ ኮርንዎል ውስጥ በተዘጋጀ ሌላ መድረክ ተጫወቱ። ይህ ስሕተት ነበር፤ ያኔም ተነግሯቸዋል።

ፍሬ አልነበረውም ለማለት ግን አልደፍርም። በዚያ ሰሞን ዕዳቸው እንዲሰረዝ ከተወሰነላቸው 18 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ድርሻው የዘፋኞቹ ነው አልልም፤ የዓመታት ድርድርና የብዙ ማኅበራት ጩኸት ነበረበት። ግን ፒንክ ፍሎይድ ያለዚያ ምክንያት አይታረቅም ነበር፤ ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

ገንዘቡ

ከኮንሰርቱ በኋላ በነበሩት ቀናት በእንግሊዝ ትልቅ የሙዚቃ መደብር የባንዱ ምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ሽያጭ 1,343 በመቶ ማደጉ ተዘገበ። ጊልሞር ከዚህ ጭማሪ የሚያገኘውን ለበጎ አድራጎት እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ሌሎቹ ሙዚቀኞችና የሙዚቃ ኩባንያዎችም እንዲሁ እንዲያደርጉ ጠየቀ፤ ይህ ሕይወት ለማዳን ሊውል የሚገባ ገንዘብ ነው አለ። ቀጥሎ አሜሪካን የሚዞር የኮንሰርት ጉዞ ግብዣ መጣ፤ ጋዜጦች 136 ሚሊዮን ፓውንድ ብለው ጻፉት። አልተቀበሉትም። ጊልሞር ልምምዱ ራሱ ይህን ብዙ ጊዜ ማድረግ እንደማልፈልግ አሳምኖኛል አለ።

ሌሎች ተቀብለዋል፤ ይገባቸዋልም፣ ሥራቸው ነው። ዘ ፖሊስ የተባለው ባንድ አባላት በ2007 እና በ2008 ዓለምን ዞረው ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገቡ። ግን ዕርቅ ሰማንያ ጊዜ ሲደገም ልምምድ ይሆናል፤ በሁለተኛው ወር ተመልካቹ የሚያየው ጥሩ የተሠራ ኮንሰርት ነው። ፒንክ ፍሎይድ የማይደገመውን አልደገሙም።

ከዚያ ወዲህ

ሲድ ባሬት በጁላይ 2006 ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት በሎንዶን በተዘጋጀለት መታሰቢያ ላይ ወተርስ በመጀመሪያው ክፍል ለብቻው ተጫወተ፤ ሦስቱ በሁለተኛው። አንድ ቤት ውስጥ ሆነው አልተገናኙም። ሪቻርድ ራይት በሴፕቴምበር 2008 በካንሰር ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ አራቱ የሚባል ነገር ቀረ። በሜይ 2011 ወተርስ «ዘ ዎል»ን በሎንዶን ሲያቀርብ ጊልሞር በግንቡ አናት ላይ ወጥቶ የ«ኮምፈርተብሊ ነምብ»ን የጊታር ክፍል ተጫወተ፤ ግንቡ ሲፈርስም ሜሰን ተጨምሮ ሦስቱ አብረው ቆሙ። ከዚያ በኋላ በፖለቲካ አቋም በይፋ ተለያዩ፤ ጊልሞር በ2024 ከወተርስ ጋር እንደገና መድረክ ላይ ትወጣ ይሆን ተብሎ ሲጠየቅ «ፈጽሞ አይሆንም» አለ።

እኔ የሃይድ ፓርኩን ቪዲዮ አሁንም አያለሁ። የመጨረሻው ኖታ ካለቀ በኋላ ያለችውን ቅጽበት። ጊልሞር አመሰግናለሁ፣ ደህና እደሩ ብሎ ወደ መውጫው ዞሯል። ሜሰን ከድራሙ፣ ራይት ከኪቦርዱ ተነሥተዋል። ወተርስ ሁለቱን ይዞ ጊልሞርን በእጁ ይጠራዋል። ጊልሞር ትንሽ ያመነታል። ከዚያ ተመልሶ ይመጣል፤ ወተርስም ክንዱን ትከሻው ላይ ያሳርፋል።